የመስቀል ወፍ በጋውን የት ይሄዳል?

ዓመት ጠብቆ ብቅ የሚልን ሰው «እንደ መስቀል ወፍ» እንለዋለን። አባባሉ ያምራል፤ ወፉ ግን የትም አልሄደም። መስከረም ላይ በአደይ አበባው መሃል ጥቁርና ቢጫ ለብሶ የሚታየው ቢሾፕ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ያሰረው ዊዶውበርድ፣ ከራሱ የሚረዝም ጭራ እያውለበለበ የሚበረው ዋይዳ ጥርና የካቲትም እዚያው አካባቢ ናቸው። የመራቢያ ላባቸውን ጥለው ዝንጉርጉር ቡናማ ስለሚሆኑ «ድንቢጥ ነው» ተብለው ይታለፋሉ።

ስለዚህ «ትናንት አንድ ወፍ አየሁ፣ ምን ይሆን?» ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ ቀለሙ አይደለም። መቼ? የት? ምን ያህል ከፍታ ላይ? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ግማሹ ሥራ አልቋል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ነገር ግን ጥር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ግቢ፣ በየቀኑ ሊመጡ የሚችሉት ጥቂት ደርዘን ብቻ ናቸው። ወደ ሐዋሳ ወርዳችሁ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትቆሙ ዝርዝሩ ይለወጣል። ባሕር ባይኖረንም ሐይቅ ዳር ሞልቶናልና፣ እዚህ የምጽፈው ስለ ጓሮና ስለ ሐይቅ ዳር ነው።

አንድ ወፍ ሲታይ ዓይን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ቀለም ነው። መጨረሻ መምጣት ያለበት ግን ቀለም ነው። መጀመሪያ መጠን፦ ከድንቢጥ ያንሳል ወይስ ይበልጣል? ከዋኔስ? ከቁራስ? እነዚህን ሦስት ወፎች በደንብ ያወቀ ሰው ሜትር አያስፈልገውም። ቀጥሎ ምንቃር፦ ወፍራምና አጭር ከሆነ ፍሬ ሰባሪ ነው፤ ቀጭንና ቀጥ ያለ ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ፤ ቀጭንና ቁልምም ያለ ከሆነ አበባ የሚቀስም። ከዚያ ሁኔታው፦ መሬት ላይ ይራመዳል ወይስ ይዘላል? ጭራውን ይነቀንቃል? ብቻውን ነው ወይስ በመንጋ? ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀለም ይምጣ፤ እሱም በደፈናው ሳይሆን ቦታ በቦታ፦ አናት፣ ቅንድብ፣ ማጅራት፣ ክንፍ፣ ከጭራ በላይ ያለው ወገብ። «ቡናማ ወፍ አየሁ» ማለት ምንም አላየሁም እንደማለት ነው። «ቡናማ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ ያለው፣ ከድንቢጥ የሚያንስ» ካላችሁ ግን መልሱ ደጃፍ ላይ ነው።

ባይኖኩላር የምትገዙ ከሆነ 8 በ42 የሚለውን ውሰዱ። 8 የማጉሊያው ልክ ነው፤ 42 ብርሃን የሚቀበለው የፊት መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። 10 ጊዜ የሚያጎላው ይሻላል የሚል ብዙ ነው። እሱ ግን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ የሚያሳየው ስፋትም ጠባብ ስለሆነ ቅጠል ውስጥ ያለችውን ወፍ ስትፈልጉ ትበራለች። አያያዙም ራሱን የቻለ ነገር ነው፦ ዓይናችሁን ከወፏ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። አንገት ደፍቶ መሣሪያውን ካነሱ በኋላ ወፏን መፈለግ የጀማሪ ሁሉ ችግር ነው።

የአዲስ አበባ ጓሮ መሠረቱ ድንቢጥ ናት። የእኛዋ ድንቢጥ ራሷና ደረቷ ግራጫ፣ ጀርባዋና ወገቧ ዝገት መሳይ ቡናማ ነው፤ ወንዱና ሴቷ አይለያዩም። በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ ያለው ጉሮሮው ጥቁር የሆነ ድንቢጥ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ሥዕሉን ይዞ ጓሮ የሚወጣ ሰው ግራ ይጋባል። ዋናው ምልክት ይህ ነው፦ የእኛዋ ድንቢጥ ጀርባ ልሙጥ ነው። ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር መስመር ያለበት «ድንቢጥ» ካያችሁ ቆም በሉ፤ ልብሱን ያወለቀው የመስቀል ወፍ ሊሆን ይችላል።

እሱንም መያዝ ይቻላል። ቢጫው ቢሾፕ ወንዱ በበጋም ትከሻውና ወገቡ ላይ ያለውን ቢጫ አይጥለውም፤ ሲቀመጥ ይሸፈናል፣ ሲነሣ ግን ቦግ ይላል። ስለዚህ መንጋው ከሣር ውስጥ ሲነሣ ፊት ፊታቸውን ሳይሆን ወገባቸውን ተመልከቱ። ባለ ረጅም ጭራው ዋይዳ ደግሞ ጭራው ቢረግፍም ምንቃሩ ቀይ እንደሆነ ይቆያል፤ አናቱ ላይም ጥቁርና ገረጣ ያሉ መስመሮች አሉት፤ መጠኑም ከድንቢጥ ያንሳል። (ይህ ወፍ ጎጆ አይሠራም። ሴቷ ዋክስቢል በሚባሉ ትንንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ዋክስቢል ባለበት እሱን ጠብቁ።) ሴቶቹ ግን ከባድ ናቸው። በጋ ላይ የቢሾፕና የዊዶውበርድ ሴቶችን በርቀት መለየት ልምድ ላለውም አይቀልም፤ «ከሁለቱ አንዱ» ብሎ መመዝገብ ነውር የለውም። እርግጠኛ መስሎ ከመጻፍ ይሻላል።

ጣውላ አጥር ላይ ወይም በረንዳ ድረስ የምትመጣ፣ ከድንቢጥ የምታንስ፣ ነጭ ቅንድብ ያላት ግራጫ ቡናማ ወፍ ብራውን ራምፕድ ሲድኢተር ናት። በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የምትኖር ሆና ሳለ በየግቢያችን ስለሞላች ማንም አያያትም። ከውጭ የሚመጣ ወፍ ተመልካች ቦሌ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚያጋጥመው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም።

ሸማኔ ወፍ በሁለት መልክ ይመጣል። ባግላፌክት የሚባለው በጥንድ ይኖራል፤ አንድ ዛፍ ላይ አንድ ጎጆ ብቻ ካያችሁ የእሱ ነው። በመራቢያ ጊዜ ወንዱ አናቱ ቢጫ፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል አለው፤ ዓይኑ ራሱ ቢጫ ነው። በበጋ ጀርባው ወደ ግራጫ፣ ሆዱ ወደ ነጭ ያደላል፤ የክንፉ ላባ ጠርዝ ላይ ያለው ቢጫ ግን አይጠፋምና እሱን ያዙ። በሐይቅ ዳር አንድ ዛፍ ላይ በደርዘን የሚቆጠር ጎጆ አንጠልጥሎ የሚንጫጫው ሌላው፣ የመንደሩ ሸማኔ ወፍ ነው፤ የወንዱ ዓይን ቀይ ነው። የዓይን ቀለም እንዲህ በቀላሉ ነገር የሚቆርጥበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ተጠቀሙበት።

አበባ ቀሳሚዎቹ ሰንበርዶች ላይ ብርሃን ያታልላል። በወንዛችን ስም የሚጠራው የተከዜ ሰንበርድ ወንዱ በጥላ ውስጥ ድፍን ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊና ነሐስ ይሆናል። ከጭራው መሃል ሁለት ላባዎች ወጣ ብለው ይረዝማሉ። ትንሹ ቫሪየብል ሰንበርድ ደግሞ ደረቱ ሰማያዊ ሐምራዊ፣ ሆዱ ቢጫ ነው። ከመራቢያ ጊዜ ውጭ ወንዶቹ ደብዝዘው እዚህም እዚያም የሚያብለጨልጭ ላባ የቀረባቸው፣ የተበጣጠሰ ልብስ የለበሱ ይመስላሉ፤ አዲስ ዓይነት አገኘሁ ብላችሁ አትቸኩሉ። ራስ ክምር ወይም እሬት ሲያብብ ከአበባው 5 ሜትር ያህል ርቃችሁ ብትቀመጡ በየተራ ይመጡላችኋል።

ርግቦቹ ላይ አጠር ላድርግ። ክንፉ ነጭ ነጠብጣብ፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ከሆነ ስፔክልድ ፒጅን ነው። ጥቁር ግራጫ ሆኖ ማጅራቱ ላይ ነጭ አንገትጌ ያለው፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ የሚታየው ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ የሆነው ባለ ነጭ አንገትጌ ርግብ ነው፤ ገደልና ቤተ ክርስቲያን ይወዳል። ዋኔዎችን የሚለየው አንገት ነው፦ በግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት ያለው ጠቆር ያለ ዋኔ የደጋው ነው፤ ከማጅራቱ በኩል ጥቁር ግማሽ ቀለበት ያለው ሬድ አይድ ዳቭ፤ ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ትንሹ ላፊንግ ዳቭ። ጠዋትና ማታ «ሃ-ሃ-ሃ» እያለ በመንጋ ከላይ የሚያልፈው፣ ምንቃሩ ወደ ታች የቆለመመ ትልቅ ወፍ ዋትልድ አይቢስ ነው፤ እሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም። ክንፉ ላይ ነጩን ካያችሁ ጉዳዩ አለቀ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ግዙፉ ቁራም ምንቃሩ ብቻ ያስታውቀዋል።

ጭልፊት ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ወቅቱ ካልታወቀ አይለይም። ዓመቱን ሙሉ ቄራና ገበያ ላይ የሚያንዣብበው የእኛው ጭልፊት ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ግን ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ጥቁር ጭልፊት ይቀላቀለዋል፤ የእሱ ምንቃር ጥቁር ሆኖ ሥሩ ብቻ ቢጫ ነው፤ ራሱም ገርጣ ይላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ የእኛው ጭልፊት ጫጩትም ለአቅመ አዋቂ እስኪደርስ ምንቃሩ ጥቁር ነው። ሐምሌ ላይ ጥቁር ምንቃር ካያችሁ እንግዳ ሳይሆን የጎረቤት ልጅ ነው። ጥር ላይ ካያችሁ ምንቃሩ ብቻ አይበቃም፤ የራሱን መገርጣትና ከክንፉ ሥር ያለውን ነጣ ያለ ቦታ ጨምራችሁ እዩ።

መስከረም ሲጠባ ከሰሜን የሚመጡት እንግዶች ጓሮም ይገባሉ። ሣር ላይ እየሮጠ ጭራውን የሚነቀንቀው ሆደ ቢጫ ዋግቴይል አንዱ ነው። ወንዞች ዳር ያለው፣ ጀርባው ግራጫ ሆኖ ጭራው በጣም የሚረዝመው ሌላ ነው፤ ግሬይ ዋግቴይል። ግራር ውስጥ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚሉት አረንጓዴ ቡናማ ትንንሾች ቺፍቻፍና ዊሎው ዋርብለር ናቸው፤ እግሩ ጥቁር ሆኖ ጭራውን ደጋግሞ ወደ ታች የሚነቀንቀው ቺፍቻፍ ነው፣ እግሩ ነጣ ያለው ሌላው። ሽቦ ላይ የሚደረደሩት ጉሮሯቸው ዝገት መሳይ ቀይ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር መቀነት ያላቸው ባርን ስዋሎዎች ናቸው። የወፍ መለያ መጽሐፉ ረጅም ሹካ ጭራ አላቸው ይላል፤ እዚህ ሳሉ ግን ላባ ስለሚቀይሩ የብዙዎቹ ጭራ አጭር ነው። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የሣለው የሚራቡበትን ወቅት ነው።

ወፍ ወደ ግቢ ለማምጣት እህል ከመበተን ይልቅ ውሃን እመርጣለሁ፤ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። ሰፊ የሸክላ ሳህን ይበቃል። ጥልቀቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ከዚያ ከጠለቀ ትንንሾቹ አይገቡም። ውስጡ የሚያንሸራትት ከሆነ መሃሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ አስቀምጡ። ከቁጥቋጦ 2 ሜትር ያህል ይራቅ፦ በጣም ከቀረበ ድመት ታደፍጣለች፣ በጣም ከራቀ ወፎቹ የሚሸሹበት ያጣሉ። ውሃው በየቀኑ ይደፋ፤ በሳምንት አንዴ በብሩሽ ይታጠብ፤ አለበለዚያ ኩሳቸው በሽታ ያዛምታል፣ ትንኝም ይራባል። ዳቦ አትስጡ። ጓሮ ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ደግሞ ነፍሳት ለቃሚ ወፍ ጠፋ ብሎ ማማረር አይችልም።

ሐይቅ ዳር ከወፉ በፊት የምታዩት ፀሐይን ነው። ሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ውሃው ላይ ያለውን ሁሉ ታበራላችኋለች፤ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ትመጣና ወፉ ሁሉ ጥላ ይሆናል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስላለች በበጋ ቀኑን ሙሉ ያን ያህል አታስቸግርም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው ሩቅ ያለች ወፍ የምንቃር ርዝመት አይታመንም።

ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳን ለመለየት ትምህርት አያስፈልግም፤ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ቦርሳ የተንጠለጠለ። ሁለት ነገር ግን ሰው ይሳሳታል። ቦርሳው ምግብ ማጠራቀሚያ አይደለም። እግሩም ነጭ አይደለም፤ ለማቀዝቀዝ ኩሱን ስለሚለቅበት ነው የነጣው፣ ከሥሩ ጥቁር ግራጫ ነው። ፔሊካኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ትልቁ ነጩ በመንጋ ያጠምዳል፣ ከረጢቱ ቢጫ ነው፣ ሲበር ከሥር ነጩና ጥቁሩ ቁርጥ ብሎ ይለያል። ፒንክ ባክድ የሚባለው ያንሳል፣ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፣ ከክንፉ ሥር ያለው ግራጫ እንጂ ጥቁር አይደለም። ውሃው ላይ በአየር ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ የሚወረወረው ጥቁርና ነጭ ኪንግፊሸር ደረቱ ላይ ሁለት መቀነት ካለው ወንድ ነው፣ አንድ ከሆነ ሴት። ፊላው ውስጥ ጣት የምታህለው ሰማያዊዋ ማላካይት ናት፤ ምንቃሯ ጥቁር ከሆነ ገና ልጅ ነች።

ነጫጭ ኢግሬቶችን በቁመት አትለዩ። ትንሹ ኢግሬት ምንቃሩና እግሩ ጥቁር ነው፣ ጣቶቹ ግን ቢጫ ጫማ ያጠለቁ ይመስላሉ፤ ጭቃ ውስጥ ከቆመ እስኪራመድ ጠብቁ። ከብት የሚከተለው ምንቃሩ አጭርና ቢጫ ነው፤ በመራቢያ ጊዜ አናቱ፣ ደረቱና ጀርባው ወደ ብርቱካን ያደላል። ትልቁ ኢግሬት የአፉ መስመር ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የመካከለኛው ከዓይኑ ሥር ይቆማል። በትልቁ ላይ የምንቃር ቀለም አትመኑ፦ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው፣ በመራቢያ ወቅት ይጠቁራል። የአፉ መስመር ግን በማንኛውም ወር አንድ ነው።

ውሃ ላይ የሚያንዣብቡት ነጭና ግራጫ ወፎች፣ ጋሎቹ፣ ጥሩ ፈተና ናቸው። ነዋሪው ባለ ግራጫ ራስ ጋል በመራቢያ ጊዜ ብቻ ነው ግራጫ ቆብ የሚያደርገው። በኅዳር የሚመጣው ጥቁር ራስ የሚባለው ጋል ደግሞ የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ ሲመጣ ራሱ ነጭ ነው፤ ከዓይኑ ኋላ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ይቀረዋል። ስማቸውን ተከትሎ ራስ የሚያይ ሰው ሁለቱንም ይስታል። ዓይንና ክንፍ ተመልከቱ። ነዋሪው ካደገ ዓይኑ ነጣ ያለ ነው፤ የእንግዳው ዓይን ጥቁር ነው። እንግዳው ሲበር የክንፉ የፊት ጠርዝ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የነዋሪው ክንፍ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት፣ ከሥሩም ይጠቁራል። የካቲትና መጋቢት ላይ እንግዳው ቡናማ ቆቡን ማብቀል ይጀምራል፤ ያኔ ቀላል ይሆናል፣ ቀላል ሲሆን ደግሞ ይሄዳል።

ጭቃ ላይ የሚሮጡት ሳንድፓይፐሮች ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ መድረስ ይጀምራሉ፤ ዝናቡ ገና ሳያባራ። ያኔ ሐይቆቹ ሞልተው ጭቃው ተሸፍኖ ስለሚሆን የምታዩአቸው ጥቂት ናቸው፤ ከጥቅምት በኋላ ውሃው ሲሸሽ ባቱ፣ አብጃታና ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ጨለለቃ ይሞላሉ። አራቱን ብቻ ብታውቁ ይበቃል። ኮመን ሳንድፓይፐር ጭራውን ያለማቋረጥ ይነቀንቃል፣ ከደረቱ ነጩ ወደ ትከሻው ይወጣል፣ ውሃውን እየታከከ በአጭር ምት ይበራል። ውድ ሳንድፓይፐር ጀርባው በነጭ የተረጨ፣ ቅንድቡ ረጅምና ነጭ፣ እግሩ ቢጫማ ነው። ግሪን ሳንድፓይፐር ይጠቁራል፤ ሲነሣ ወገቡ ደማቅ ነጭ፣ ክንፉ ከሥር ጥቁር ነው፤ ትንሽ ኩሬም ቦይም ይበቃዋል። ግሪንሻንክ ከሁሉም ይረዝማል፣ ምንቃሩ ጫፉ ላይ ወደ ላይ ያዘነብላል፣ ሲነሣ «ትዩ-ትዩ-ትዩ» ብሎ ሦስቴ ይጮኻል። ከእነዚህ ጋር ጀርባው ቅርፊት መሳይ፣ ራሱ ለአካሉ ትንሽ የሆነ ወፍ ካያችሁ ራፍ ነው። ወንዱ ከሴቷ በጣም ስለሚበልጥ ሁለት ዓይነት ይመስላል። ዝነኛው የአንገቱ ጎፈር ግን ወደ መራቢያው ሲቃረብ ስለሚበቅል እዚህ አትጠብቁት።

ሚያዝያ ላይ ትልቁ መንጋ ይነሣል። በእስራኤል የምትኖሩ በዚህ ሰሞን ኤይላት ብትወርዱ እዚህ የከረሙትን ዓይነቶች፣ ዋግቴይሉንም ስዋሎውንም፣ ሲያልፉ ታገኟቸዋላችሁ፤ ልብሳቸውን ጨርሰው ስለቀየሩ ከጥር ይልቅ በቀላሉ ይለያሉ።

ሁሉም ግን አይሄድም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጭቃው ዳር ብቻውን የቆመ ሳንድፓይፐር ካያችሁ የዓመቱን ቀድሞ መጣ ብላችሁ አትመዝግቡ። አንዳንድ የአንድ ዓመት ወፎች ለመራባት ስላልደረሱ እዚሁ ይከርማሉ። የክንፋቸው ላባ ጠርዙ የተበላና የገረጣ፣ የጀርባው ነጭ ነጠብጣብም የተፋቀ ነው። በነሐሴ ከሚደርሱት መካከል አዋቂዎቹ ላባቸው ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ግን ላባቸው አዲስና ጠርዙ ያልተነካ ነው። ቀኑን፣ ቦታውንና የላባውን ሁኔታ አብራችሁ ጻፉ።